«ተባይ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
ስለ ውኃ ቋጣሪ ዕፀዋት ተባዮች አሰያየም የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል መልካምነት የሚለካው በመዝገበ ቃላት ውስጥ በያዘው ቦታ ብቻ አይደለም። ቃሉን ያነበበ ሰው ትክክለኛውን ሥራ ለመሥራት ሲችል ቃሉ ተፈትኖ አለፈ ይባላል። ይህን አስተያየታችንን ለማስረዳት የመረጥነው መስክ ጠባብ ነው፤ ይኸውም እንደ ቁልቋል፣ እሬትና እንዳሁላ ያሉትን በግንዳቸው ወይም በቅጠላቸው ውኃ የሚቋጥሩ ዕፀዋት የሚያጠቁ ተባዮች በአማርኛ የሚሰየሙበት መንገድ ነው።

ለአብነት ተፍኪን እንውሰድ። ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ፣ በአዋሽ ሜዳ ጥቁር አፈር መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ገበሬው ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያመርታል፤ በሰበታ ዙሪያ ደግሞ የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። በማሳ የኖረ ቃልና በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈ ቃል እዚህ ይገናኛሉ። በጓያና በምስር ለምለም ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ፈሳሹን የሚመጠውን ጥቃቅን ተባይ አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ «ክሽክሽ» ይለዋል። ይኸው ወገን በእሬት አበባ ዘንግ ላይም ይሰፍራል። ቃሉ እያለ «አፊድ» ብሎ መጻፍ የሚታወቀውን ነገር እንዳይታወቅ ማድረግ ነው።

ይሁንና ነባር ቃል ባልተገኘ ጊዜ ችግሩ ይከብዳል። በቅጠል ብብትና በሥር ላይ ተደብቆ ነጭ ሰም የሚለብሰውን ተባይ አንዳንዶች «ሚሊባግ» ብለው በፊደል ብቻ ያሻግሩታል፤ ሌሎች «ነጭ ሻጋታ» ይሉታል። የመጀመሪያው ምንም አይናገርም፤ ሁለተኛው ግን ሐሰት ይናገራል። ሻጋታ ነው የተባለ ሰው ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ይረጫል፤ ተባዩም ሳይነካ ይራባል። ትክክለኛው ሥራ የተያዘውን ተክል ከሌሎቹ መለየት፣ ተባዩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ፣ ሥሩን መመርመርና ከእንቁላል አዲስ የሚፈለፈለውን ለመያዝ ይህንኑ ከቀናት በኋላ መድገም ነው። በበኩላችን «ብረት ለበስ» የሚለውን የታወቀ አገነባብ ተከትሎ «ዱቄት ለበስ» ቢባል፣ በግንድ ላይ እንደ እከክ ተጣብቆ የሚቀመጠው ዘመዱም «ቅርፊት ለበስ» ቢባል ይሻላል እንላለን። ስሙ ራሱ መለያውን ያሳያልና።

«ቀይ ሸረሪት» የሚለው ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአበባ እርሻዎች ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ ይሻር አንልም። ዳሩ ግን ሸረሪት ተባይ በላ ነው፤ ቀይ ሸረሪት ግን የመዥገር ወገን ሆኖ የተክል ፈሳሽ ይመጣል፤ እግሩም ስምንት ነው። ለነፍሳት የቆመው የሙያ ቃል «ሦስት አጽቄ» የሚል ነው፤ እግራቸውም ስድስት ነው። ስለዚህ «ፀረ-ሦስት አጽቄ» የሆነውን መድኃኒት ተርጓሚው በደፈናው «ፀረ-ተባይ» ብሎ ሲያልፈው፣ መድኃኒቱ ለቀይ ሸረሪት ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ፍሬ ነገር ይጠፋል። ብዙው ፀረ-ሦስት አጽቄ ቀይ ሸረሪትን ትቶ ጠላቶቹን ስለሚገድል፣ ከርጭቱ በኋላ ተባዩ የሚበዛበት ጊዜ አለ።

የተክሉም ስም ጥንቃቄ ይሻል። ውኃ ቋጣሪውን ሁሉ «ካክተስ» ማለት ተለምዷል። የካክተስ ወገን ጥቂት ሲቀር የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው፤ የእኛ ቁልቋል ከሌላ ወገን ነው፤ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ያፈልቃል። የሰበታና የተፍኪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቁልቋልን «አዳሚ»፣ እሬትን «ሀርጊሳ» ብሎ ይለያል፤ ተርጓሚው ግን ሕዝብ የለየውን ይደባልቃል። ለካክተስ የተጻፈን «የተያዘውን ቁረጥ፣ ፋቅ» የሚል ምክር ለቁልቋል የሚያውል ሰው ወተቱ ዓይኑን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው «ተባይ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ኮቺኒል የተባለው፣ በበለስ ላይ ብቻ የሚኖር ነፍሳት፣ እንደ ዱቄት ለበስ ነጭ ሰም ይለብሳል፤ ሲጨፈለቅ ግን ደማቅ ቀይ ቀለም ያወጣል። በፔሩ ለቀለሙ ሲባል ይረባል። በደቡብ አፍሪካ የዚሁ ወገን ነፍሳት አረም የሆነውን በለስ እንዲያጠፉ ተለቀዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለቀለም ምርት ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል ግን ከቁጥጥር ወጥቶ፣ ሕዝቡ በክረምት ፍሬውን የሚመገበውንና ከብቱ በድርቅ የሚተርፍበትን በለስ በሰፊው አጥፍቷል። ወገኑ አንድ ነው፤ በአንዱ አገር ሀብት፣ በሌላው መድኃኒት፣ በሦስተኛው መቅሠፍት ይሆናል። ስለዚህ ተባይነት የፍጥረቱ ጠባይ ሳይሆን ፍጥረቱ ከሰው ጥቅም ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ተባይን «ጎጂ ነፍሳት» ብሎ የሚፈታ መዝገብ ይህን ግንኙነት ይሰውራል፤ ነፍሳት ያልሆኑትንም ከትርጉሙ ያስወጣል።

ከእንግዲህ የሚዘጋጅ የሙያ መዝገብ ለእያንዳንዱ ተባይ በመጀመሪያ የሕዝቡን ስም ቢፈልግ፣ ቀጥሎ በዓይን የሚታየውን መለያ፣ ወገኑንና የሚጎዳውን ተክል ቢያመለክት መልካም ነው። ቃሉም ከመጽደቁ በፊት ተክሉን በእጁ ለሚይዘው ሰው ይነበብለት። ያ ሰው ቃሉን ሰምቶ ተባዩን ከተክሉ ላይ ለይቶ ማሳየት ከቻለ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል፤ ካልቻለ ግን የቃሉ ውበት የሚጠቅመው አይኖርም።