ለቅሶ ደራሽ አንባቢ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የግጥም ምሽት ላይ ተጋብዤ ነበር። ሁለት ወጣቶች ተከታትለው አነበቡ። ልጁ ስለሞተች እናቱ፣ ልጅቷ ደግሞ ስለ አዲስ ቤቷ፤ ቁልፉን መጀመሪያ የጨበጠች ዕለት ስለተሰማት ነገር። ልጁ ሲያነብ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳቸውን ይዳብሳሉ። ልጅቷ ስታነብ ግን አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ሌላው ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ‹‹ኮንዶሚኒየም ደርሷት ነው?›› አለ። ተሳቀ። እውነቱን ለመናገር ግጥሟ ከልጁ ይሻል ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ የመጣችብኝ አልቃሿ ናት። የገጠር ለቅሶ ያየ ሰው ያውቃታል። ጥሩ አልቃሽ ስለ ሟቹ ብቻ ሙሾ አታወርድም። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ወደሱ ዞር ትልና የራሱን ሟች ታነሳበታለች፤ አምና የቀበረውን ወንድሙን፣ ሳትጠገብ የሄደች ልጁን። ሰውዬው የመጣው ለጎረቤቱ ነው፤ እንባው የሚወርደው ለወንድሙ ነው። ነገሩን ሆሜርም ያውቀው ነበር። በ‹‹ኢሊያድ›› 19ኛ መጽሐፍ ብሪሴይስ በፓትሮክለስ ሬሳ ላይ ሙሾ ስታወርድ አብረዋት ያሉት ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ለዓይን ለፓትሮክለስ ነው፣ በልብ ግን እያንዳንዷ ለገዛ መከራዋ። በ24ኛው ደግሞ ሽማግሌው ፕሪያም የልጁን አስከሬን ለመለመን ገዳዩ አኪለስ ዘንድ ይገባል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለሄክቶር፣ ሌላው ለአባቱና ለጓደኛው። ባላንጣዎች በአንድ ጣራ ሥር አብረው ማልቀስ ቻሉ። አብረው መደሰት ይችሉ ነበር? በምን?

የኀዘን ግጥም ለአድማጩ ወንበር ይዞ ይጠብቀዋል። የራሳችንን ሬሳ ይዘን ገብተን እንቀመጣለን፤ ከዚያም ‹‹የሰው ኀዘን የሚገባን ሰዎች ነን›› እያልን ራሳችንን እናመሰግናለን። የደስታ ግጥም እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። ቤቱ የልጅቷ ነው፣ ቁልፉም በእሷ እጅ ነው፤ እኔ ደጅ ቆሜ ማየት አለብኝ። አዝማሪ ይህ ስለሚገባው ነው መሰለኝ ደስታውን በእኛ ስም የሚገጥመው። የእኛ ስም ሲነሳ እጃችን ኪሳችን ይገባል፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ሲወደስ ግን ብርጭቋችንን እናያለን።

ዕድርንም እዩት። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ሠርግ የቀረን የሚቀጣ ደንብ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሠርጉ ድንኳን ራሱ ብዙ ጊዜ ከዕድር የተከራየ ነው!

እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ይሄን ልማድ ሚዛን አድርገን አረፍነው። ያዘነው ‹‹ጥልቅ›› ነው፣ የተደሰተው ‹‹ላይ ላዩን››። የጸጋዬ ገብረ መድኅን የ1966 ዓ.ም. መድበል ‹‹እሳት ወይ አበባ›› ይባላል፤ ስለ መጽሐፉ ከሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር የሚነሳልኝ ግን እሳቱ ነው። መንግሥቱ ለማን ‹‹ጨዋታ አዋቂ›› ለማለት ማንም አያመነታም፤ ‹‹ጥልቅ›› ለማለት ግን አፋችን ይያዛል።

መቼም ጥርጣሬያችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ተማሪ ነበርኩ። የደስታ ግጥም ተሰልፈን ሰምተናል፣ በቃላችንም ይዘናል። ደስ ብሎን ነበር? ደስ እንዲለን ታዘን ነበር። ከዚያ ወዲያ ፈገግ ያለ ስንኝ ባየሁ ቁጥር ማን አዞት ይሆን ማለት ለመደብኝ።

ግን ይሄ ሰበብ የማይሸፍንልኝ አንድ ነገር አለ። ሳስተምር አንድ ተማሪዬ ሁለት ግጥሞች ሰጥቶኝ ነበር። አንዱ ስለ አባቱ ቀብር ነው፤ ሌላው እናቱ በስተርጅና ፊደል ለይታ ስሟን ስለጻፈችበት ቀን። በቀብሩ ላይ ‹‹ግሩም!›› ብዬ ጻፍኩ። በእናትየዋ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ጥልቀት ይጎድለዋል።››

በቅርቡ ፒያሳ ተገናኘን። ወረቀቶቹን አስቀምጧቸው ኖሯል፤ ለምኜው ቅጂ ሰጠኝ። ደግሜ አነበብኳቸው። ቀብሩ ውስጥ ጨለማ አለ፣ አፈር አለ፣ እንባ አለ፤ የማንም አባት ቀብር ሊሆን ይችላል። በሌላው ግጥም ግን እናትየዋ እርሳሱን ስትጫነው ሦስተኛው ፊደል ላይ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ እሷም ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ሸፍና ለልጇ ታሳየዋለች። ይህቺን ሴት ከማንም እናት ጋር ልታምታቷት አትችሉም።

ስንለያይ ‹‹መምህር፣ ያኔ ደስታዬን አላመኑትም ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝ። የማይረባ ነገር መለስኩለት።

አምኜው ነበር። የእኔ እናት ፊደል ሳትለይ ነው የሞተችው።