የማይፈታ ዕቃ፤ ስለ ባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ አሠራር የቀረበ ሂስ

ሂስ በድርሰትና በሥዕል ላይ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሥራ አይደለም። ሰው በእጁ ያበጀው ዕቃ ሁሉ የአበጂውን ሐሳብ ተሸክሞ የሚዞር ስለ ሆነ፣ ያ ሐሳብ እንደ መጽሐፍ ሊነበብና ሊመዘን ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመዝነው የመረጥነው አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበውን ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ላፕቶፕ ነው። ኩባንያው ይህን ዕቃ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ታዲያ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አሁን ማንሣት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የባለጸጋ አገር ዕቃ ወደ እኛ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ካገለገለ በኋላ በዘመድ ሻንጣ ነው። ሸነን ያለ ቤተ ሰብ ለልጁ ላፕቶፕ የሚያገኘው እንዲህ ባለ መንገድ ሲሆን፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ «የቱን ላምጣላችሁ?» ብሎ በስልክ በጠየቀ ጊዜ መልሱ የሚጠበቀው ከተማሪው ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ዕቃ ሙያም ጉድለትም በአደባባይ የታወቀ ስለ ሆነ፣ እርሱን መመርመር ስለ ሌሎቹ ውድ ዕቃዎችም ያስተምራል።

መለኪያችን

ማናቸውንም ነገር ከመንቀፍ ወይም ከማመስገን በፊት መለኪያን መግለጽ ተገቢ ነው። ስለ ላፕቶፕ የሚጻፉ ምስጋናዎች ዘወትር የሚቆጥሩት ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱን በግራም፣ የስክሪኑን ጥራት በነጥብ ነው። እነዚህን እኛም አንንቅም። ነገር ግን የጅባት ወረዳ ከተማ በሆነችው በሸነን ያደገ ሰው ሌላ መለኪያ በቅርብ አለው፤ ይኸውም የገበሬው የእርሻ ዕቃ ነው።

በበሬ የሚታረስበት ዕቃ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ዕርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻና ምራን ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው ይፈታል። ድግሩ ቢሰበር ገበሬው ራሱ ጠርቦ ይተካዋል። ምራኑ ቢበጠስ ሌላ ጠፍር ያስራል። ወደ ቀጥቃጭ የሚሄደው ማረሻው የደነዘ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል በመበላሸቱ ዕቃው በሙሉ አይጣልም፤ የእርሻውም ወራት አያመልጥም። እኛ ይህንን ደንብ ከገበሬው ተውሰን ሦስት ጥያቄ አውጥተናል። ዕቃው ለተሠራለት ሥራ ይረዳል ወይ? ከምንኖርበት አቧራና ከምንጽፍበት ቋንቋ ጋር ይስማማል ወይ? ቢበላሽስ ይፈታል ወይ?

የዕቃው መልካምነት

አስቀድመን ምስጋናውን እንናገር፤ ምስጋና የሚገባውን ነፍጎ የሚነቅፍ ሰው አይታመንምና። ይህ ማክቡክ ክብደቱ 920 ግራም፣ በወፍራሙ በኩል ውፍረቱ 13.1 ሚሊ ሜትር ነው። አካሉ አሉሚኒየም ሲሆን፣ በመጀመሪያ ሲወጣ ዋጋው ከ1299 ዶላር ይጀምር ነበር። ከአምቦ ወደ ሸነን በተጨናነቀ መኪና ለሚጓዝ ተማሪ፣ ከደብተሮቹ ጋር በአንድ ቦርሳ ሊይዘው መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ስክሪኑ 2304 በ1440 ነጥብ ያለው ነው። ይህ ለፊደላችን በተለይ ይጠቅማል። ምክንያቱም የእኛ ፊደል ቡን ከቢ፣ ሉን ከሊ የሚለየው በጎን በተቀጠለች ትንሽ ምልክት ነውና፣ ስክሪኑ ደብዛዛ በሆነ ቁጥር ዓይን ይደክማል። ደግሞም ይህ ላፕቶፕ የአየር ማራገቢያ የለውም። ማራገቢያ ያለው ላፕቶፕ አየሩን ሲስብ አቧራውንም አብሮ ይስባል፤ ይህ ግን ያለ ድምፅ ይሠራል፤ ሆዱም ባቧራ አይሞላም። ኩባንያው ባትሪው በኢንተርኔት ሥራ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል ብሎ ነበር። መብራት ሲጠፋ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። በተጨማሪም ዝግ ይበል እንጂ ለስልክ ከሚያገለግለው ፓወር ባንክ ሊሞላ ይችላል። በመጀመሪያው ጥያቄያችን እንግዲህ ዕቃው አልወደቀም። ያበጁት ሰዎች ስለ መንገደኛ አስበዋል ለማለት ይቻላል።

የኪቦርዱ ነገር

ችግሩ የሚጀምረው ጣት ከሚያርፍበት ቦታ ነው። መሐንዲሶቹ ዕቃውን ለማቅጠን ሲሉ ከዚያ በፊት የነበረውን እንደ መቀስ የሚታጠፍ የቁልፍ ድጋፍ ትተው፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተዘረጋ አዲስ ድጋፍ አበጁ። ይህ ኪቦርዱን በ40 ከመቶ ያህል አቀጠነው። ቁልፉ ሲጫኑት የሚወርደውም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ። ነገር ግን መውረጃው እንዲህ ካነሰ፣ ቅንጣት አቧራ እንኳ ገብታ ልታግደው ትችላለች። አቧራን በሆዱ በኩል የከለከለ ዕቃ በጣቱ በኩል አስገባው ማለት ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ይህንን ማክቡክና ተመሳሳይ ኪቦርድ ያላቸውን ሌሎች ሞዴሎች በነጻ ለመጠገን ማስታወቂያ አወጣ። በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩት ሕመሞች ሦስት ናቸው፤ ፊደል ሳይፈለግ መደጋገም፣ ፊደል ጭራሽ አለመውጣት፣ ቁልፍ መጣበቅ። ሕመሙ የታየው በጥቂቶቹ ዕቃዎች ላይ ነው ቢልም፣ ለባለቤቶች ደግሞ ላፕቶፑን 75 ዲግሪ አዘንብለው ኪቦርዱን በታመቀ አየር እንዲያጸዱ የሚያስረዳ መመሪያ አውጥቶ ነበር። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የአሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ኪቦርድ ገልብጠን እያራገፍን እንጠርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ደኅና ይጽፉ ነበር። በርካሹ ኪቦርድ ላይ የተማሪ ተራ ሥራ የነበረው፣ በውዱ ላይ ልዩ መመሪያ የሚያስፈልገው ሆነ።

አሁን ነገሩን ከቋንቋችን ጋር እናያይዘው፤ እስካሁን ባነበብናቸው ጽሑፎች ይህ ሲነሣ አላየንምና። በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ስንጽፍ፣ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ ሌላው ለአናባቢው። ስለዚህ የራብዑን ድምፅ የምትሰጠው አንዲት ቁልፍ ብትታወክ፣ የሚጎድለን አንድ ፊደል አይደለም፤ ላ፣ ማ፣ ራ፣ ሳ፣ ባ፣ ታ እያለ የገበታው አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይጎድላል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ለላቲን ኪቦርድ ይቀርባል። ነገር ግን በቁቤ አናባቢን አንድ ጊዜ መጻፍና ሁለት ጊዜ መጻፍ ትርጕም ይለውጣል። «መሬት» የሚለው ቃልና «ለስላሳ» የሚለው ቃል በጽሑፍ የሚለያዩት አናባቢያቸው ነጠላ ወይም ድርብ በመሆኑ ነው። እንግዲህ ሳይፈለግ የሚደጋግም ቁልፍ የእንግሊዝኛውን ጸሐፊ ቢያበሳጨው፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። የኦሮምኛውን ጸሐፊ ግን ትክክለኛ በሚመስል ሌላ ቃል ያሳስተዋል። በሸነን ሁለቱም ቋንቋዎች ይጻፋሉና፣ የማይጽፈው ቁልፍ አንዱን ይጎዳል፣ የሚደጋግመው ቁልፍ ሌላውን ይጎዳል።

ኩባንያው በመጨረሻ ይህንን አሠራር ተወው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ላይ ወደ መቀሱ ድጋፍ ተመለሰ፤ በግንቦት 2020 ደግሞ የቢራቢሮው ኪቦርድ ከአዲሶቹ ዕቃዎች ሁሉ ወጣ። በአሜሪካ ስለ ቀረበበት የጋራ ክስም እ.ኤ.አ. በ2022 ጥፋቱን ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ነገር ግን ነጻው ጥገና የሚያገለግለው ዕቃው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ለ4 ዓመት ብቻ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ባገለገለ ዕቃ መልክ ወደ እኛ ለሚመጣው ጊዜው አልፎበታል ማለት ይቻላል። ካሣው በባሕር ማዶ ቀርቶ፣ ሕመሙ ብቻ በሻንጣ ይመጣል።

የታሸገው አካል

ሦስተኛው ጥያቄያችን የመፈታት ጥያቄ ነው። የዚህ ማክቡክ ባትሪ በሙጫ የተጣበቀ፣ ራሙ በቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ኪቦርዱም ከላይኛው ሽፋን ጋር የተያያዘ ነው። ብሎኖቹም እንኳ በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፤ ባለ አምስት ቅጠል መፍቻ ይፈልጋሉ። ዕቃ እየፈታ ለጥገና ያለውን ምቾት የሚመዝነው አይፊክሲት የተባለው ድርጅት ከ10 ነጥብ 1 ብቻ ሰጥቶታል። ገበሬው ድግር በተሰበረ ጊዜ ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ማረሻውን አብሮ እንዲለውጥ ቢገደድ፣ እርሻ ምን ይሆን ነበር?

መሰኪያውም እንዲሁ ነው። ከጆሮ ማዳመጫው ሌላ ያለው አንድ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ሲሆን፣ ቻርጀሩም ፍላሹም ፕሮጀክተሩም የሚሰለፉት በዚያው በአንዱ በር ነው። ፍላሽ በእኛ ዘንድ ትርፍ ነገር አይደለም። የመምህሩ ማስታወሻ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚዞረው፣ የመመረቂያው ጽሑፍም ወደ ማተሚያው ቤት የሚሄደው በፍላሽ ነው። ስለዚህ ባለ ውዱ ላፕቶፕ ተማሪ አስማሚ ገመድ ፍለጋ ጓደኛውን ይለምናል።

ስሙን የማንጠራው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ የነበረ አንድ የአገራችን ልጅ፣ ራሙ ስላነሰው እንዲጨመርለት ወደ አምቦ ይዞት ሲሄድ አብረነው ሄደን ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና መልሶ ዘጋው። «ይህ ተበይዷል፤ የሚጨመርበት ቦታ የለውም። እናንተ ተማሪዎች ስትገዙ ክብደቱን ትመዝናላችሁ እንጂ ብሎኑን አትቆጥሩም» አለን። ገንዘብ አልተቀበለንም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንግግር የተነሣ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ሁለት ማነጻጸሪያዎች

አንባቢ ግን «ቀጭንና ቆንጆ ዕቃ መታሸጉ ግድ ነው» ይለን ይሆናል። ለዚህ ሁለት ምስክር እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ማሠራት የጀመረው ኤክስኦ የተባለ የሕፃናት ላፕቶፕ ነው። ይህ ዕቃ ወደ አገራችንም መጥቶ የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ተሠርቶለት ነበር። ኪቦርዱ አቧራና ውሃ እንዳይገባው በላስቲክ የተሸፈነ፣ ስክሪኑ በፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ አካሉም በተራ ካቻቢቴ የሚፈታ ነበር። ብሎን የጠፋ እንደ ሆነ የሚተካ መለዋወጫ ብሎን እንኳ እዚያው በዕቃው ውስጥ ተቀምጦለታል። ያበጀው ሰው ዕቃው እንደሚበላሽና ብሎኑም እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማሰቡን ልብ ይሏል። እርግጥ ኤክስኦ ራሙ 256 ሜጋባይት ብቻ ስለ ነበረ ዘገምተኛ ነው፤ ለኮሌጅ ተማሪ አይበቃውም። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለችው በወንጪ እንዲሁም በወለንጪቲ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ ሕፃናቱ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ከፍተውታል። ቃሉ የድርጅቱ የራሱ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ልንቀበለው ይገባል። ሆኖም ሕፃን ዕቃን የሚማረው በመፈታታት መሆኑን ማንም የሸነን እናት ትመሰክራለች።

ሁለተኛው ምስክር እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፍሬምዎርክ የተባለ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ 13.5 ኢንች፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም፣ ውፍረቱ 15.85 ሚሊ ሜትር ነው። ባትሪውን፣ ራሙን፣ ኪቦርዱንና መሰኪያዎቹን ባለቤቱ አብሮት በሚመጣው አንድ መፍቻ ይለውጣቸዋል፤ አይፊክሲትም ከ10 ነጥብ 10 ሰጥቶታል። ማራገቢያ ስላለው አቧራ መሳቡ አይቀርም፤ ነገር ግን ተከፍቶ ይጠረጋል። በእርሱና በማክቡኩ መካከል ያለው የውፍረት ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ባለቤቱ ዕቃውን የመፍታት ሥልጣኑን ያጣው እንግዲህ ለዚህች ታህል ልዩነት ነበርን?

ፍርዳችን

በጠቅላላው ስናየው፣ ባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ ለመንገደኛ የታሰበ፣ ለዓይን የተስማማ፣ በጸጥታ የሚሠራ የብልህ ሰዎች ሥራ ነው። ነገር ግን አበጂዎቹ ዕቃው አዲስ ሆኖ የሚታይበትን ቀን እንጂ፣ አርጅቶ የሚጠገንበትን ቀን አላሰቡም። አቧራ የሸነን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእኛ ነው ሊባል ይቻል ነበር፤ ዕቃው ግን በተወለደበት አገርም በአቧራ ተሸንፎ ተመልሷል። ስለዚህ የእኛ መለኪያ የድኻ መለኪያ ሳይሆን ትክክለኛው መለኪያ መሆኑ ታይቷል።

ዘመድ «የቱን ላምጣላችሁ?» ሲል ለሚጠይቃቸው ተማሪዎችም ምክራችን አጭር ነው። የቢራቢሮ ኪቦርድ ያላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 የወጡ ሞዴሎች ቢረክሱም ይቅሩ። ባትሪውና ራሙ ይለወጡ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ገንዘብ አይከፈል። ኪቦርዱም ከመገዛቱ በፊት የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተጽፎበት ይሞከር። ገበሬ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጥርሱን የማያሳይ በሬ የቱንም ያህል ቢሰባ አይገዛውም። የተማረው ልጁ ከእርሱ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።