ኮከብ ቆጠራ በኮምፒዩተር ዘመን፦ ስለ ፍቅር ማገናኛ ድረ ገጾች

በአማርኛ «ገጠመ» የሚለው ግስ ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። በርና መቃን ልክ ለልክ ሲሆኑ ገጠመ ይባላል፤ ባለቅኔ ስንኝ ሲቋጥር ገጠመ ይባላል፤ ሁለት ጦር ሜዳ ላይ ሲገናኝም ገጠመ ይባላል። ሕዝባችን ስለ ጋብቻ ሲናገር «ኮከባቸው ገጠመ» ወይም «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ነው፤ ሦስተኛውን የሚያስታውሰው ከሠርጉ በኋላ ነው።

አነጋገሩ ከዘይቤነት ያለፈ ታሪክ አለው። አውደ ነገሥት የሚያነበው ደብተራ የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተመደበውን ቁጥር ይደምራል፤ ድምሩን በ12 ይገድፋል። የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግረዋል፤ አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሰውር እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ኮከቦቹ ደግሞ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውሃ ተብለው ስለሚመደቡ፣ ማን ከማን ጋር ሊኖር እንደሚችል የሚነገረው ከዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልማዱን ስትነቅፈው ኖራለች፤ ፊደል የቆጠረውም ትውልድ ስቆበታል። እኔ ግን አንባቢ ለጊዜው ሳቁን ገታ አድርጎ የአሠራሩን ቅርጽ ብቻ እንዲያስተውል እለምናለሁ፦ መረጃ ይገባል፣ ቀመር ይሠራል፣ ፍርድ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች እስኪተያዩ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም።

ይኸው ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1965 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ እንደ አዲስ ተወለደ። «ኦፐሬሽን ማች» በተባለው ሥራቸው ተማሪው መጠይቅ ሞልቶ ከ3 ዶላር ጋር ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም የሚስማሙትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያወጣለታል። ማች ዶት ኮም በ1995 ወደ ኢንተርኔት ገባ። በ2000 ደግሞ ኒል ክላርክ ዋረን የተባሉ የሥነ ልቡና ሐኪም ኢሃርመኒን አቋቋሙ። ዋረን ከቀደሟቸው የሚለዩት ገበያ ብቻ ሳይሆን ሳይንስ ይዘናል በማለታቸው ነው፤ ሰውን በ29 የመጣጣም መለኪያዎች መዝነን፣ ለዘለቄታ ጋብቻ የሚሆነውን እናገኝልሃለን አሉ። ቀመሩ ግን የድርጅቱ ምስጢር ነው። ደብተራውም መጽሐፉን አያውስም ነበር።

በ2012 ኤሊ ፊንክል፣ ፖል ኢስትዊክና ሦስት ባልደረቦቻቸው እነዚህን ድረ ገጾች የሚመረምር ረጅም ጥናት አሳተሙ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ሚዛናዊው እርሱ ይመስለኛል። ድረ ገጾቹ ሦስት ነገር ይሸጣሉ ይላሉ፦ ሰው የማግኘት ዕድል፣ ሳይተያዩ የመጻጻፍ ዕድል፣ እና ግጥሚያ። የመጀመሪያውን አይነቅፉም። ሦስተኛውን ግን፣ በቀመር የተመረጡ ጥንዶች በሌላ መንገድ ከተገናኙት የተሻለ እንደሚኖሩ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም ብለው ይደመድማሉ። ክርክራቸው በማስረጃ እጦት ብቻ የሚቆምም አይደለም። ቀመሩ ሊያውቅ የሚችለው ሰዎቹ ከመገናኘታቸው በፊት የነበረውን ብቻ ነው፤ ጋብቻን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ግን አብዛኛው ከተገናኙ በኋላ የሚሆነው ነው፦ ሲጣሉ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ሕመም ሲመጣ ምን እንደሚሆኑ። ጠባይ ከጠባይ መመሳሰሉም የሚባለውን ያህል አይጠቅምም። በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ከ23,000 በላይ ባለትዳሮችን ይዞ በ2010 የወጣ ጥናት፣ የባልና ሚስት የጠባይ መመሳሰል ከእርካታቸው ልዩነት የሚያብራራው ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አግኝቷል። በ2018ም የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል በለንደን የምድር ባቡር የተለጠፈውን የኢሃርመኒ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ አግዶታል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው የሚያስገርመው። ገና በ1966 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኢሌን ዋልስተርና ባልደረቦቿ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የጭፈራ ምሽት አዘጋጅተው፣ ኮምፒዩተር የሚስማማችሁን ይመርጥላችኋል አሏቸው። በእውነቱ ግን 376ቱን ጥንዶች ያጣመሯቸው በዕጣ ነበር፤ የተጠበቀው ሴቲቱ ከወንዱ እንዳትረዝም ብቻ ነው። ተማሪዎቹ አስቀድሞ በፈተና ተለክተው ነበርና፣ ማን ማንን እንደወደደ ከልኬቱ ጋር ሲመሳከር የአእምሮ ብቃቱም የጠባዩ መለኪያም ይህ ነው የሚባል ነገር አልተናገረም። የተናገረው መልክ ብቻ ነው። መጠይቁ ምን ያህል ቢረዝም በመጀመሪያው ምሽት ዓይን ይቀድመዋል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በ2014 ኦኬ ኩፒድ በተባለው ድረ ገጽ የሆነው ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ክርስቲያን ረደር ራሱ እንደገለጸው፣ ድርጅቱ በራሱ ቀመር 30 በመቶ ብቻ የሚስማሙ ሰዎችን ወስዶ 90 በመቶ ትስማማላችሁ ብሏቸው ነበር። ሰዎቹም እውነቱ ከተነገራቸው ይልቅ ብዙ ተጻጻፉ። ረደር ይህን የተናገረው ሳያፍር፣ እንዲያውም በኩራት ነው፤ ሙከራ የማይደረግበት ድረ ገጽ የለም ባይ ነው። ሰዎችን ሳያስፈቅዱ በልባቸው መጫወት ነውር መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር አጋልጧል። ቁጥሩ ምንም ባይለካ እንኳ መነገሩ ብቻ ይሠራል። «ኮከባችሁ ገጥሟል» የተባሉ ሙሽሮች የመጀመሪያውን የመሶብ ዳር ጠብ እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል፤ «አልገጠመም» የተባሉት ግን ያንኑ ጠብ የተነገረው ትንቢት ማረጋገጫ ያደርጉታል። ደብተራው ይህን ምስጢር ሳያውቅ አልቀረም።

የግጥሚያ ቀመር ተከላካዮች «መረጃው ስላነሰ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲበረታ ይደርስበታል» ማለታቸው አይቀርም። ሳማንታ ጆኤል ከኢስትዊክና ከፊንክል ጋር በ2017 ባወጣችው ጥናት ይህንኑ ፈትናዋለች። ሰዎች ተራ በተራ ለጥቂት ደቂቃ ከሚተያዩበት ዝግጅት በፊት ከ100 በላይ መለኪያዎች ተሰብስበው ለማሽን ተሰጡ። ማሽኑ በጠቅላላው ማን ብዙ ሰው እንደሚወድ፣ ማንስ በብዙዎች እንደሚወደድ በከፊል መተንበይ ቻለ። ይህችን ከሌሎች ለይቶ ይህን፣ ይህ ከሌሎች ለይቶ ይህችን መውደዱን ግን ሊተነብይ አልቻለም። ፍቅር የምንለው ደግሞ ይህንኑ መለየት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድርሰቱም አንድ ነገር ልበል። በድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ አንቀጽ ይጽፋል፤ ይህም ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል። ለአበሻ ከባድ ነው። በባህላችን ሰው በራሱ አፍ ራሱን እንዲያወድስ የተፈቀደው በፉከራና በሽለላ ነው፤ በጋብቻ ጉዳይ ልጁን የሚያሞግሱት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እርሱ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ያገሬ ሰው ወይ አይናገርም፣ ወይ ፈረስና ጎራዴ የሌለው ፉከራ ይጽፋል፦ ቅን ነኝ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለኝ፣ መጓዝ እወዳለሁ። አንባቢው ከመቶ እንዲህ ያለ አንቀጽ ማንን ይለያል? ፊንክልና ባልደረቦቹም ሰውን ጎን ለጎን ደርድሮ ማወዳደር እንደ ዕቃ እንድናየው ያደርገናል ብለው አስጠንቅቀዋል።

ከጽሑፉ የከፋው ግን ማጣሪያው ነው። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ ዘር እየተመረጠ የማይፈለገው ከዓይን ይሰወራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለዚህ ማጣሪያ የተጻፈ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን የሚመጥን የዘር ሐረግ ሲያማርጡ ዕድሜዋ ገፋ፤ ሰብለ ወንጌል የወደደችው ግን ማጣሪያው ፈጽሞ የማያሳልፈውን፣ አስተማሪዋን በዛብህን ነው። ልብ እንበል፤ በዛብህ በስም ዝርዝር ቀርቦ የተመረጠ ሰው አይደለም። ትምህርቱ ቀን በቀን ስላገናኛቸው ነው የተዋደዱት።

በስደት ያለን ሰዎች ፊታውራሪውን ከነማጣሪያቸው ይዘን መጥተናል። «የየት አገር ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ምን እየጠየቀ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሰፈር ሲጠየቅ ግን ቢያንስ አንዲት አክስት «ልጁን እስቲ መጀመሪያ እዩት» ብላ ትከራከር ነበር። በማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ተከራካሪ የለም፤ ምልክት አድርጎ ያለፈው ሰው ምን እንዳጣ እንኳ አያውቅም።

ይህን ስል ድረ ገጾቹ ይዘጉ ማለቴ አይደለም። ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በ2017 በአሜሪካ ከተገናኙት የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት ነው። ያገሩ ሰው በሌለበት ከተማ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ስደተኛ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሄድ ሰዓት የለውም፤ ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የሚካሄደው የእግር ኳስ በዓላችንም በዓመት አንዴ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ማስተዋወቁ ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው። አበው ስለ ተጋቢዎች «ይላመዳሉ» ይሉ የነበረውንም እንደ መድኃኒት መልሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ በዚያ ቃል ስንት ልጃገረድ ያለ ዕድሜዋ ተድራ ዝም እንድትል ተደርጋለች።

ሆኖም በመላመድ ውስጥ፣ ማስገደዱ ከወጣለት፣ ቀመሩ የሳተው ነገር አለ። ጆኤልና ብዙ ተመራማሪዎች በ2020 ከ43 ጥናቶች የ11,196 ጥንዶችን መረጃ አንድ ላይ መርምረው፣ ሰዎች ስለ ግንኙነታቸው የሚሰጡት ምስክርነት ከግለሰቦቹ ጠባይ ከእጥፍ በላይ እርካታቸውን እንደሚያመለክት አግኝተዋል። ከፍ ብለው የታዩት ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ፦ ጓደኛዬ በዚህ ትዳር ለመጽናት የቆረጠ ይመስለኛል? አመሰግነዋለሁ? በምንጣላበት ጊዜ ምን ያህል እንጎዳዳለን? በምዝገባው ቀን እነዚህን መመለስ የሚችል የለም፤ ቢያንስ ጥቂት ወር አብሮ ቡና መጠጣት ይፈልጋሉ።