ስለ «መካከለኛ» እና ስለ «ባዶ»፦ በጀማሪዎች የስታቲስቲክስ ትምህርት

መሠረታዊ ስታቲስቲክስን በኤክሴል ሠንጠረዥ ማስተማር ጀማሪውን ከስሌት ድካም ያሳርፈዋል። መደመሩንና ማካፈሉን ኮምፒዩተሩ ስለሚፈጽመው፣ ለተማሪው የሚቀረው የስያሜውን ፍቺ ለይቶ ተገቢውን ትእዛዝ መምረጥ ነው። ስለዚህ የስያሜ ጉድለት በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ትምህርቱ በአማርኛ ሲሰጥ ከሚሠራባቸው ቃላት መካከል «ድምር» እና «ናሙና» ፍቺያቸው የጠራ ስለሆነ የሚነቀፍ ነገር አናገኝባቸውም። አስተያየት የምንሰጠው በ«መካከለኛ» እና በ«ባዶ» ላይ ነው።

ድምር ለብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት «አማካይ» ይባላል። ቁጥሮች በመጠን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ደግሞ «መካከለኛ» የሚሉት አሉ። ሁለቱ ቃላት የግዕዙ «ማእከል» ዘመዶች በመሆናቸው ጀማሪው አንዱን በሌላው ቦታ ያውላል። ለምሳሌ የአምስት ሠራተኞች ደመወዝ 2,000፣ 2,000፣ 3,000፣ 5,000 እና 28,000 ብር ነው እንበል። በ«አቬሬጅ» ትእዛዝ 8,000፣ በ«ሚዲያን» ትእዛዝ 3,000 ይወጣል። «መካከለኛው ደመወዝ 8,000 ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢውን ያሳስታል፤ ከአምስቱ አራቱ ይህን ያህል አያገኙምና። በዚያም ላይ «መካከለኛ» ከ«ዝቅተኛ» እና ከ«ከፍተኛ» ጋር ለደረጃ መለያነት የሚያገለግል ቃል ነው።

በእኛ አስተያየት ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ «አጋማሽ» ይሻላል። «የዓመቱ አጋማሽ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ረድፉን ለሁለት እኩል የሚገምሰውን ስፍራ ያመለክታል። ከ«ተጋማሽ ቁጥር» ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ተጋማሽ የቁጥሩ ጠባይ ሲሆን አጋማሽ የረድፉ ስፍራ ነው፤ የሥራቸው አንድነትም ሁለቱን ለማስታወስ ይረዳል።

«ባዶ» ከዚህ የባሰ ችግር ያመጣል። በእግር ኳስ «ሁለት ለባዶ» ሲባል ዜሮ ማለት ነው፤ «ባዶ ቤት» ሲባል ግን ምንም የሌለበት ማለት ነው። ኤክሴል ሁለቱን አንድ አድርጎ አይቆጥርም። ሦስት ተማሪዎች 6፣ 8 እና 10 አግኝተው አራተኛው ሳይፈተን ቢቀር፣ በእሱ ሴል ምንም ካልተጻፈ አማካዩ 8 ይሆናል፤ 0 ከተጻፈ ግን 6 ይሆናል። «ባዶ አድርገው» የተባለ መዝጋቢ ከሁለቱ የትኛውን ይፈጽም? ያልተፈተነውን ልጅ ከወደቀው ጋር የሚያስቆጥረው ይኸው ቃል ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን «ዜሮ»፣ ምንም ያልተጻፈበትን ደግሞ «ያልተሞላ ሴል» ማለት ይገባል። «ዜሮ» የውጭ ቃል ነው ተብሎ ሊሸሽ አይገባውም፤ ለሙያ ስያሜ ከትውልዱ ይልቅ የፍቺው ጥራት ይቀድማልና። «ባዶ» ለቤቱና ለእግር ኳሱ ይቆይልን።