የተዘጋ በር፣ ያልተቋረጠ ግዴታ፦ የ2012 ፋሲካና ረመዳን በጅማ

የኢትዮጵያ መንግሥት የኮሮና ወረርሽኝን ለመግታት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀው መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ምሽት በዓለም ዙሪያ ያሉ አይሁዳውያን የፋሲካቸውን ማዕድ ዘረጉ። ሚያዝያ 11 የኦርቶዶክሳውያን ትንሣኤ ዋለ፤ ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ፤ ግንቦት 16 ዒድ አል ፈጥር ተከበረ። የሦስት ታላላቅ ሃይማኖቶች በዓላት ሰባት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው መጡ፤ አዋጁ ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከልክሏል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ በሚኖርባቸው በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ አንዱ ጾሙን ሳይጨርስ ሌላው የጾሙን ወር ይጠባበቅ ነበር። ስለዚያ በልግ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው የጎደለው ነገር ነው፦ ምእመን ያልሞላው ቅዳሴ፣ በየቤቱ የተሰገደው የረመዳን የሌሊት ሶላት ተራዊህ፣ ሜዳ ያልወጣው የዒድ ሶላት። ጉድለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የእነዚህ በዓላት ተስፋ ሥሩ መሰባሰብ አልነበረም። ሥሩ ለሌላው ሲባል ራስን መግታትና የጎረቤትን ድርሻ በጊዜው ማድረስ ነው፤ ይህ ደግሞ በር ሲዘጋም አልተቋረጠም።

ማስረጃው ከበዓላቱ ከራሳቸው ይገኛል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 የመጀመሪያውን ፋሲካ ሲተርክ እስራኤላውያንን አደባባይ አያወጣቸውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ እንዲበላ፣ እስኪነጋም ማንም ከደጁ እንዳይወጣ ያዝዛል፤ ቤተሰቡ ለአንድ በግ የሚያንስ ከሆነ ግን ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል ይፈቅዳል። የነጻነት በዓል የጀመረው ሞት በውጭ ሲያልፍ ቤት በመቀመጥ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በሰሙነ ሕማማት ምእመናን አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም፤ መስቀል መሳለምም ይቀራል። ሐዘኑ ሰላምታን እስከማስቀረት ይደርሳል፤ ትንሣኤ ሲሆን ሰላምታው ይመለሳል። በእስልምና ታሪክም ኸሊፋ ዑመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ639 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ዐምዋስ የተባለው ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሄዳቸው መሆኑን መልሰዋል። ወረርሽኝ ካለበት አገር አለመውጣት፣ ወደዚያም አለመግባት የነቢዩ ትምህርት ሆኖ ተላልፏል። ስለዚህ በ2012 ራቅ ብሎ መቆም ለምእመኑ ከውጭ የተጫነ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሃይማኖቱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ወረርሽኝን ከሌላ መከራ የሚያከብደው መጨረሻው አለመታወቁ ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ከተገለጸ በኋላ ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል፣ መንገድ መቼ ይፈታል ለሚለው ጥያቄ ቀን ቆርጦ የሚመልስ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም በጨረቃ ገብቶ በጨረቃ ይወጣል። ወሰን ያለው ችግር ወሰን የሌለውን ለመሸከም ያስተምራል። የቡና አገር ሰው ይህን ትዕግሥት ከእርሻውም ያውቀዋል፦ በልግ ሲያካፋ ያበበው ቡና ቀልቶ እስኪለቀም ስምንትና ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ አበባው ታየ ተብሎም ማንም ብር አይቆጥርም፤ ማሳውን ግን ማንም አይተወውም። በዓሉ ለወረርሽኙ መድኃኒት ሆኖ አልመጣም፤ የቀናቱን ቁጥር ግን ለሰው መለሰለት።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሳል። ጾም በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ረሃብ ግን በፈቃድ አይደለም። በጅማ መርካቶ የጉልት ሻጯ፣ ተሸካሚው፣ በየመጋዘኑ ቡና የምትለቅመው ሴት የዕለት ገቢ ሲቋረጥባቸው ቤት መቀመጥን እንደ መንፈሳዊ ተጋድሎ መስበክ የጠገበ ሰው ንግግር ነው። ወቅቱም የቡናው ገንዘብ የሚሳሳበት፣ አዲሱ ምርት ገና በአበባ ያለበት ነበር። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ግን የሚፈርደው መታቀብን ከመስጠት ለይቶ በሚሰብክ ላይ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እንጀራን ለተራበ ያልቆረሰን ጾም አይቀበልም። የረመዳን ማብቂያ ምጽዋት የሆነው ዘካተል ፈጥር ደግሞ ግዴታውን በልክ ያስቀምጠዋል፦ የቤት አባወራ ስለ እያንዳንዱ ቤተሰቡ፣ ሕፃኑን ጨምሮ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን እህል ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃ ያደርሳል። ሶላቱ ሜዳ ላይ ይሰገድ ወይም ሳሎን ውስጥ፣ ስፍሩ አይቀንስም። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከራይን ከቤት ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን መከልከሉም ከዚሁ መንፈስ ጋር የሚሄድ ነው፦ ቤት ቆይ የሚል ቤት እንዳይታጣ መጠንቀቅ አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖቱ ውስጥ ይመጣል፦ ሥጋ ወደሙ በቴሌቪዥን አይቀበሉትም፤ የጋራው ሶላት (ጀመዓ) በስልክ አይቆምም። ይህን ማስተባበል አይገባም። በቤት የተከበረው በዓል ሙሉውን አይተካም፤ ተክቷል ማለትም ምእመኑ የከፈለውን ዋጋ መካድ ይሆናል። ነገር ግን ጉድለቱን የሚያውቅ ናፍቆት ራሱ የተስፋ አካል ነው፤ ያልተቀበለውን የሚናፍቅ ሰው ነገሩ ይመለሳል ብሎ ያምናልና። እምነት ይጠብቀኛል ብሎ ጥንቃቄን የናቀም አልጠፋም። እሱን ለመመለስ ግን ከሕክምና ማስጠንቀቂያ ይልቅ የሕማማቱ ሥርዓትና የዐምዋስ ታሪክ ቅርብ መንገድ ነበሩ፤ ካህኑና ኢማሙ ከራሳቸው መጽሐፍ ሊያስተምሩት ይችሉ ነበርና።

የወረርሽኝ ትዝታ በአገራችን በቀን መቁጠሪያ ውስጥ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላም ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ያ ትውልድ መከራውን ወደ ጽዳት ሥራ ለውጦ አስረከበን። የ2012 በልግም የሚያስረክበው አለ፦ ለሌላው ሕይወት ሲባል መራቅ ከበዓሉ ሕግ ጋር እንደማይጋጭ፣ መራቁ ግን የጎረቤትን ስፍር ካላደረሰ ባዶ እንደሆነ። የጤና ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች የሚቀጥለውን ወረርሽኝ ሳይጠብቁ ይህን አብረው ቢያስተምሩ፣ ምእመኑ ክልከላውን ትእዛዝ ብቻ አድርጎ አያየውም፤ ከእምነቱ የሚወጣ የፍቅር ሥራ አድርጎ ይፈጽመዋል።