«ቱቦ» በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ በመተንፈሻ ሕክምና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ተሰጥቶ በሕሙሙ አልጋ አጠገብ አማርኛ በሚነገርበት አገር፣ የስያሜ ጉድለት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም። እዚህ የምንመረምረው በመሣሪያ ርዳታ ለሚተነፍሱ ሕሙማን ከሚደረገው ክብካቤ ጋር የሚነገሩ ጥቂት ስያሜዎችን ነው። ወልቂጤንና ቡታጅራን ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በነዚህ ከተሞች አስታማሚው ከቤቱ ቸሃን፣ መስቃንን ወይም ስልጢኛን ይዞ ይመጣል። ነርሷ በእንግሊዝኛ የተማረችውን በአማርኛ ትነግረዋለች፤ እርሱም ለቤተ ሰቡ በሌላ ልሳን ያደርሳል። በመካከል ያለው አማርኛ አሻሚ ከሆነ ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ይበዛል።

ከሁሉ የከፋው «የመተንፈሻ ቱቦ» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ ዛሬ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሰይማል፤ ይኸውም ከማንቁርት በታች ያለውን የሰውነት ክፍል፣ ሐኪሙ በአፍ በኩል ወደዚያው ክፍል የሚያስገባውን ፕላስቲክ፣ እንዲሁም ከዚህ ፕላስቲክ እስከ መሣሪያው የተዘረጋውን ረጅም የአየር መተላለፊያ ነው። በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቱቦ ሲጨመር አልጋው በቱቦ ተከቧል ማለት ነው። እንግዲህ «ቱቦው ሲቆሽሽ ይቀየር» ቢባል የትኛው ነው? ትእዛዙ የሚመለከተው ወደ መሣሪያው የሚሄደውን ብቻ ነው፤ እርሱም በዐይን የሚታይ ቆሻሻ ሲይዝ ወይም ሲበላሽ እንጂ በቀን ቆጠራ አይለወጥም። በሕሙሙ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ሥርዐት አለው። አክታው በሚያስፈልግ ጊዜ ይመጠጣል፤ ሕሙሙ በራሱ ለመተንፈስ መብቃቱ በየቀኑ ይፈተሻል፤ ሲበቃም ቱቦው ሳይዘገይ ይወጣል። ሁለት ተቃራኒ አያያዞች በአንድ ስም መጠራታቸው ለተርጓሚ ወጥመድ ነው።

ስለዚህ የሰውነት ክፍሉ በትምህርት መጻሕፍት እንደተለመደው «የአየር ቧንቧ» ቢባል፣ ሐኪሙ የሚያስገባውም «ባሕር ገብ መሬት» በተባለበት አኳኋን «ቧንቧ ገብ ቱቦ» ቢሰኝ እንመርጣለን። ወደ መሣሪያው የሚሄደውን «የመሣሪያው ጎማ» ብንለው ቃሉ ያንሳል የሚሉ አይጠፉም፤ ነገር ግን ውሃ የሚያስተላልፈውን ሕዝቡ ጎማ ብሎ ከጠራው አየር የሚያስተላልፈው በዚሁ ቢጠራ ነውር አይታየንም።

በቧንቧ ገቡ ቱቦ ጫፍ አጠገብ በአየር የሚነፋውን ክፍል አንዳንዶች «ፊኛ» ይሉታል። ፊኛ የሽንት ከረጢትም ነውና አይስማማም፤ «የቱቦው ከረጢት» ይሻላል። ጥቃቅን ነገር አይደለም። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ መጠበቅ አለበት፤ ሲያንስ ከአፍ የወረደው ምራቅ በጎኑ እየሾለከ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሲበዛ የቧንቧውን ግድግዳ ይጎዳል።

«የሳንባ ምች» ለሚለው ግን ጠበቃ ነን። ምች በሕዝቡ አነጋገር ከውጭ የሚመታ፣ ከፀሐይ ጋር የሚነሣ፣ በዳማ ከሴ የሚታከም ሕመም ነው። በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው የሚያዘው ግን በአመዛኙ ከገዛ አፉ በሚወርድ ተሕዋስ ነው፤ ስሙ መንሥኤውን ያስታል። ይሁን እንጂ ቃሉ ሥር ሰድዷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ የጀመረውን ዓይነት የቤት ለቤት የጤና ጥናት ያየ ሰው፣ ሕዝቡ የማያውቀው ስያሜ መልስ እንደማያስገኝ ይረዳል። ስለዚህ ቃሉ ይቆይ፤ ቅጥያው ይስተካከል። «በመሣሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች» የሚለው መሣሪያውን ወንጀለኛ ያደርጋል፤ የሚያስፈራው ቤተ ሰብም ፈቃድ ሊነፍግ ይችላል። ሐኪሞች የሚሉት ሕሙሙ ቱቦ ከገባለት ከ48 ሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነውና «በመሣሪያ እየተነፈሱ ሳለ የሚይዝ የሳንባ ምች» ይበቃል። ይረዝማል፤ ግን አይዋሽም።

(«ጽኑ ሕሙማን» ራሱ ሊተች ይችል ነበር፤ የጸናው ሕመሙ እንጂ ሕሙሙ አይደለም። ልማድ ስላጸደቀው እናልፈዋለን።)

«ማደንዘዣ» ለቀዶ ሕክምናው ይተው። ሕሙሙ መሣሪያውን እንዲታገሥ የሚሰጠው መድኃኒት «ማረጋጊያ» ነው፤ «ማደንዘዣው ይቀነስ» ሲባል የሰማ አስታማሚ ወገኑ ሕመሙ እየተሰማው ሊተው ነው ብሎ ይደነግጣል።

በመጨረሻ «የአፍ ንጽሕና» አለ። ለብዙ ዓመታት ይህ ሐረግ በተግባር ክሎርሄክሲዲን በተባለው ፀረ ተሕዋስ አፍን ማጠብ ማለት ሆኖ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ማኅበራት መመሪያ ግን ጥርስን መቦረሽን ደግፎ ክሎርሄክሲዲኑን በጥቅሉ የማይመከር አድርጎታል። «አፉን አጽዱለት» የሚለው ትርጉም ሁለቱን አይለይም። አማርኛ ግን ለመለየት አያንሰውም፤ ማጠብና መጉመጥመጥ፣ መቦረሽና መፋቅ በየራሳቸው አሉ። መፋቂያን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ አስታማሚ «ጥርሱ ይቦረሽ» ቢባል ሌላ ማብራሪያ አይሻም።