ዜና ሳይጽፉ ዜና ማስተማር

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ልጅ የምለው አባቱ ባልንጀራዬ ስለሆነ ነው እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ራቅ ባለ ከተማ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ማስተማር ከጀመረ ገና ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። ደሞዝ ወይም ዝውውር መስሎኝ ነበር። የማርክ ነገር ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚያስተምራቸው የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች መካከል አንዲት ሴት አለች። በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ዐሥር ዓመት ሠርታለች፤ የቀራት ወረቀቱ ነው። ልጁ ደግሞ በማዕረግ ተመርቆ እዚያው በረዳት መምህርነት የቀረ ሲሆን፣ ገና የመጀመሪያ ሴሚስተሩ ላይ «የዜና አጻጻፍ» የሚባለውን ኮርስ ወርውረውለታል። የቤት ሥራ ሰጠ፤ ከከተማው አንድ ዜና በእንግሊዝኛ ጻፉ ብሎ። ሴትዮዋ ስለ ውሃ መጥፋት ጻፈች። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ውሃው ከየትኛው ሰፈር እስከ የትኛው፣ መቼ ማታ እንደሚለቀቅ ትናገራለች። ልጃችን ሃንድአውቱን አመሳከረና፣ መግለጫውን የሰጠው ኃላፊ በመግቢያው ላይ የለም፣ «ማን» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም ብሎ ከ20 ውስጥ 9 ሰጣት።

ከክፍል በኋላ ጠብቃ አነጋገረችው። «ቲቸር፣ ይሄን ዜና እኮ ሐሙስ ዕለት በሬዲዮ አንብቤዋለሁ። ሰው ሁሉ የደወለልኝ ‹ውሃው መቼ ይመጣል?› እያለ ነው። ኃላፊው ማነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም» አለችው።

«ምን መለስክላት?» አልኩት።

«ሃንድአውቱን አሳየኋት።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ወዲያው ተመለሰ። እኔም ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ስጀምር፣ መምህሬ ያወረሱኝን ማስታወሻ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልነካካ ነው ያነበነብኩት። ልዩነቱ የኔ ጥፋት ማንንም አለማስራቡ ነው። ልብ ወለድ ሳይጽፉ ልብ ወለድ ማስተማር ይቻላል፤ ሂሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። ዜና ግን እንደ እንጀራ ጋገራ ነው፤ ስለ አብሲት የሚናገረው ሰው አንድ ቀን እንኳ ምጣድ ፊት መቀመጥ አለበት።

ልጁን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በኖርዌይ ድጋፍ ሲጀምር ወደ ክፍል ከገቡት ብዙዎቹ ከዜና ክፍል የመጡ ነበሩ። ቀጥሎ ከ2000 ዓ.ም. አንሥቶ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ የጋዜጠኝነት ክፍሎችም አብረው በዙ። መምህር ከየት ይምጣ? ትናንት ከተመረቀው! የተመረቀው ያስተምራል፣ እሱ ያስመረቀው ደግሞ ቀጣዩን ያስተምራል። ሃንድአውቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምሳሌዎቹ እንኳ አልተቀየሩም። ልጁ ያሳየኝ ወረቀት ላይ ያለው የእሳት ቃጠሎ ዜና የደረሰው አሜሪካ ውስጥ ነው። መርካቶ ስንቴ ተቃጥሏል?

ቅጥሩ የሚካሄደው በነጥብ ነው። ዕድገቱ በጆርናል በሚወጣ ጥናት ነው። ክረምቱን ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ዜና ሲያርም የከረመ መምህር ከዚያ የሚያገኘው ነጥብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በተቃራኒው ሃያ ዓመት ዜና ያረመ ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ከሌለው በሌክቸረርነት ደጃፉን አይረግጥም። ጳውሎስ ኞኞ ዛሬ ቢኖር «አንድ ጥያቄ አለኝ»ን እንዴት እንዳዘጋጀ ለተማሪ ለመንገር ፕሮቶኮል ጽፎ፣ እንግዳ ተናጋሪ ተብሎ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚገባው። (ውሃና የምስክር ወረቀት ሰጥተው ይሸኙት ነበር።)

በ2015 ዓ.ም. የመጣው የመውጫ ፈተና ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። ፈተናው ምርጫ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የፈተናውን ዓላማ አልቃወምም፤ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚወጣውን ያጠራል። ነገር ግን የውሃውን ዜና የጻፈችውን ሴት ችሎታ በየትኛው ፊደል ታጠቁረዋለህ? መምህሩም የሚመዘነው ስንት ተማሪ አሳለፈ ተብሎ ስለሆነ፣ ትርጓሜ ማስሸምደዱ አዋጭ ነው። ተማሪው የዜናን ትርጉም በእንግሊዝኛ ይነግርሃል፤ ተመርቆ ሥራ ሲገባ ግን የሚጽፈው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ ነው። «እንደተገለጸው»ና «ተባለ» ከሚሉ ቃላት በቀር የሚሠራበት አማርኛ ሳይኖረው ማይክ ይይዛል። በየማታው የምንሰማው «ከማሳደግ አኳያ፣ ከማጎልበት አንጻር» የዚህ ውጤት ይመስለኛል።

ለልጁ ምን ልበለው? ብዙም ጥበብ የለኝም። ሃንድአውቱን አትጣል፣ አምስቱን ጥያቄዎች ማወቅ ለማንም አይከፋም አልኩት። ግን ጠዋት ከክፍል በፊት የከተማውን ሬዲዮ ስማ፣ የሰማኸውን ይዘህ ግባ። ተማሪዎችህን ፍርድ ቤት ውሰዳቸው፣ ችሎት ክፍት ነው፤ ገበያ ውሰዳቸው፣ የጤፍ ዋጋ ይጠይቁ። መጀመሪያ በሚያልሙበት ቋንቋ ይጻፉት፣ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አንድ ዝግጅት ክፍል ለምነህ ግባና ሌላ ሰው ዜናህን በቀይ ይሰርዘው። ይሄ መጨረሻው ያስፈራዋል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው፣ በሱ ጽሑፍ ላይ እስክሪብቶው ሲዞር ሕመሙ ቀላል አይደለም።

«ሴትዮዋስ?» አልኩት።

«እንድታስተምር ልጠይቃት አስቤያለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ።»

ክፍል ኃላፊውን ሲያማክር መጀመሪያ የተጠየቀው «የትምህርት ደረጃዋ?» ነው። ተማሪያችን ናት ሲል ኃላፊው ሳቁ። የተማሪ አቅርቦት በሚል ይለፍ ተብሎ ገባች፤ ያለ ክፍያ። ስለ ውሃው ዜና ሁለት ሰዓት ስታወራ፣ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ ዋለ።

የቀረው ማርኩ ነበር። ለዚያ ነው ቤቴ ድረስ የመጣው። የውጤት ማስተካከያ ቅጹን ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ምክንያት የሚለው ሥር የተዘረዘሩት የድምር ስህተት፣ የጠፋ ወረቀትና ያልተመዘገበ ፈተና ናቸው።

«ምን ብዬ ልሙላ?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ሌላ» የሚል ቦታ የለውም። ብዙ አሰበና የድምር ስህተት የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።